የዘጌው ድንጋይ

ዛሬ ዘጌ ነበርን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ሰው ሁሉ ሥዕሉን ሊያይ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ግቢው ላይ ከደወሉ ጋር ቀረሁ። ደወል ስላችሁ ብረት እንዳይመስላችሁ፣ መረዋ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ታስሮ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፣ በቃ።

አንድ አባት አፍጥጬ መቆሜን አይተው «ምነው ልጄ፣ ድንጋይ አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ። «እንዴት ነው የሚጮኸው አባ?» ስላቸው መልስ የለም፤ ጠጠር ቢጤ አንስተው ጠርዙን በስሱ ነካ አደረጉት። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ! ቀጥለው ድንጋዩን በመዳፋቸው ጥርቅም አድርገው ያዙና መቱት። ድፍን ያለ ቋ፣ አለቀ። ለካ ነገሩ ያለው መንጠልጠሉ ላይ ነው፤ መሬት ላይ ቢጋደም እንደማንኛውም ድንጋይ ዝም ይላል።

ዓይኔ የቀረው ግን የሚመታባት ቦታ ላይ ነው። ሌላው ገጹ ሻካራ ጥቁር ሆኖ እሷ ብቻ ነጣ ብላ ሰርጉዳለች፣ ጣት ታስገባለች። ስንት ሌሊት፣ ስንት ማሕሌት፣ ስንት ቀብር ይሆን የሸረሸራት?

ደግሞ ሁሉም ድንጋይ አይጮኽም። ፎኖላይት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለምሳሌ ሲመቱት ይጮኻል፤ ሌላው አብዛኛው ቢደበድቡትም ወይ ፍንክች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ገደል ለገደል እየዞረ ድንጋይ ሲያንኳኳ ከርሟል ማለት ነው፤ ያየው ሰው አበደ ሳይለው አይቀርም። እኛ ሰፈር ሞንታርቦ ገዝተን ተገላገልን (መስኮት ያንቀጠቅጣል እንጂ ምን ይጎድለዋል)።

እናንተ አገር መረዋ ያለው ደብር ካለ እስኪ ጻፉልኝ፣ ድምፁን ቀድታችሁ ብትልኩማ እሰየው።