ናፍጣውን ለአበባ ቆጥቤ ስንዴውን ያስጠማሁበት በጋ

ባቱ አካባቢ ሁለት ሄክታር ተከራይቼ በናፍጣ ፓምፕ እያጠጣሁ የበጋ ስንዴ አመረትኩ። አመረትኩ የምለው ግን አፌን ሞልቼ አይደለም። ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። መሬቱ ሦስት ጊዜ ታረሰ። ኅዳር 10 ካካባ የሚባለውን ዝርያ በሄክታር 150 ኪሎ ሂሳብ ዘራን። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ገባ፣ ዩሪያው ለሁለት ተከፍሎ ሲዘራና ሲያቆጠቁጥ ተሰጠ። አረሙም በጊዜው ታረመ። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ የማሳውን ፎቶ ያየ ሁሉ “ሀብታም ልትሆን ነው” ይለኝ ነበር።

ከዚያ ናፍጣ ጠፋ።

ማደያ ሁለት ቀን ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በጀሪካን አንሸጥም፣ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤ ፍለጋ ቢሮ ሄድኩ። የሚጽፈው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ነገ ና። ነገም ስብሰባ ላይ ነው። አራት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን በር ላይ ያለውን ጥበቃ የምን ስብሰባ ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ስለ በጋ ስንዴ ነው አለኝ። እየሳቀ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ የሚያስፈልገኝን ግማሽ ናፍጣ አገኘሁ። እንግዲህ ፓምፑ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይቁም የሚለውን መወሰን ነበረብኝ። የግብርና ባለሙያው “አበባ ላይና ፍሬ ሲሞላ ውሃ እንዳታጓድልበት፣ ወሳኙ እሱ ነው” ብሎኝ ነበር። የተሰጠኝ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። እኔም በራሴ ሂሳብ ሠራሁ፤ አሁን ያለው ቅጠልና አገዳ ነው፣ እኔ ደግሞ ቅጠል አልሸጥም፣ ፍሬ የሚመጣው ከአበባ በኋላ ስለሆነ ናፍጣውም ለዚያን ጊዜ ይቀመጥ። በየአሥር ቀኑ መጠጣት የነበረበትን ስንዴ ከታኅሣሥ 13 እስከ ጥር 8 አንድ ጊዜ ብቻ አጠጣሁት።

ማሳውን የሚጠብቅልኝ ልጅ መሃል ላይ ደወለ። “ጋሼ፣ ቅጠሉ ቀን ቀን እንደ ሲጋራ እየተጠቀለለ ነው።”

“ማታስ?”

“ማታ ይዘረጋል።”

“እንግዲያው ደህና ነው” አልኩት። ይህቺን መልሴን ሳስታውስ እስካሁን ያመኛል።

ጥር 8 ዛላው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ፓምፑን አስነሳሁ። ከዚያ በኋላ ስንዴው ውሃ አልተነፈገም፤ አበባ ላይ ጠጣ፣ ፍሬው ሲሞላ ጠጣ፣ አያስፈልገውም እስኪባል ድረስ ጠጣ። ታጨደ፣ ተወቃ። ነጋዴው መጥቶ አንድ እፍኝ ዘገነና መዳፉ ላይ በተነው። አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። “ይሄ የዶሮ ነው” አለ።

ኮስማና ነው፤ ውሸት አልተናገረም። የገረመኝ ግን ድንበር ላይ ያለው ነገር ነው። የጎረቤቴ የሽንኩርት ቦይ በእኔ ማሳ ጥግ ያልፋል፣ ደግሞም ያፈሳል፣ በዚህም ክፉኛ ተጣልተናል። በዚያ ፍሳሽ ዳር ያለችው ቀጭን ረድፍ ፍሬዋ ድብልብል ያለ ነበር። ዘሩ ያው፣ ቀኑ ያው፣ ማዳበሪያው ያው። ከሁለቱም አንድ አንድ ሺህ ፍሬ ቆጥሬ (አዎ፣ ቆጠርኩ፣ ሥራ ፈት ነኝ) በወርቅ ሚዛን አስመዘንኩ። የመሃሉ 29 ግራም፣ የቦይ ዳሩ 38።

የአክስቴ ልጅ ስለ ሰብል የተማረች ናት። ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አበባው አልነበረም። “ዛላው ገና በቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ አገዳው ሆዱን ነፋ ሲያደርግ ውሃ ነበረው?” አለችኝ። አልነበረውም።

እንደ እሷ አነጋገር፣ ፍሬ የምትሆነው የአበባው ማኅፀን የምታድገው አበባው ከመከፈቱ በፊት ነው። የፍሬው ልባስ የሚሆነውም የማኅፀኗ ግድግዳ ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ሆና ከቀረች በኋላ የፈለገውን ያህል ብታጠጣ ብዙም አትሰፋም። “ጆንያውን አሳንሰህ ሰፍተህ ስታበቃ እህል ብትከምርበት ምን ይይዝልሃል?” አለች። ተከራከርኳት። በዛላው ላይ ያለው ፍሬ ራሱ ጥቂት ነው፣ ታዲያ የተረፈው ድርሻውን ወስዶ ለምን አልወፈረም? ቁጥሩም፣ የጆንያውም ስፋት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያው ሰሞን ነው፣ አንተ ሁለቱንም አንድ ላይ መታሃቸው አለችኝ። አገዳውም ቢሆን ከአበባ በፊት ጀምሮ ስኳር እያጠራቀመ ኋላ ለፍሬው ያወርድለታል፤ የእኔው አገዳ ግን የሚያወርደው አልነበረውም።

ባለሙያው ዋሽቶኛል አልልም። አበባ ላይ ከጠማው ይመክናል፣ እውነት ነው። የሚያናድደኝ ወረቀቱ ታሪኩን ከመሃል መጀመሩ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ናፍጣ ካነሰባችሁ ዛላው ከመውጣቱ በፊት ያሉትን የሦስት ሳምንታት ውሃ አትንኩ። የግድ ከቀነሳችሁ የመጨረሻዋን ውሃ ቀንሱ፣ ፍሬው እንደ ሊጥ ከጠጠረ በኋላ ያለችውን። ዛላ ከወጣ በኋላ ዩሪያ በትኑ የሚላችሁንም አትስሙ፤ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርግ ይሆናል እንጂ የከሳውን ፍሬ አያወፍርም። ዘሩን ደግሞ ወደ ጥር አታስጠጉት፤ ዛላው የሚሠራበት ጊዜ ከሙቀቱ ጋር ይጋጠምና ሳይጠግብ ያልፋል።

ዘንድሮ እዚያው መሬት ላይ ነኝ። ናፍጣውን ከጥቅምት ጀምሬ ማጠራቀም ይዣለሁ፣ ደብዳቤውንም ስብሰባ ሳይጀመር አጽፌያለሁ። ጎረቤቴንም ስለ ቦዩ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ፤ እንዲያውም እንዳለ ተወው ልለው ነበር። በእኔ ጭቅጭቅ ተማሮ ዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ አስለስኖት አገኘሁት።