ከግንቡ ሥር ያለው ክፍል

ደቡብ ህንድ ስማር ከሂንዱ ቤተ መቅደስ ማምለጥ አይቻልም ነበር። ገበያው ጋ አለ፣ መናኸሪያው ጋ አለ፣ ትልቅ ዛፍ ካየህም ሥሩ አንድ ትንሽዬ አይጠፋም። መጀመሪያ አካባቢ ከደጅ ነበር የማየው። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች የሚለው ነገር ያዘኝ። እያደር ግን ጉጉቱ አሸነፈ። ለማየት እንጂ ለመሳለም አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ መግባት ጀመርኩ።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው የታንጃቩሩ ነው። ታሚል ናዱ ውስጥ ነው፣ የተሠራው ከዋነኞቹ የሂንዱ አማልክት አንዱ ለሆነው ለሺቫ ነው። የቾላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ አሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1010 ተጠናቀቀ። ያኔ ላሊበላ ሊፈለፈል ገና ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ከመቅደሱ በላይ የቆመው ግንብ ቁመቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ግራናይት። አካባቢው ደግሞ የካቬሪ ወንዝ ያመጣው ደለል ነው፣ የሩዝ ማሳ። ያን ሁሉ ድንጋይ ከሩቅ ነው ያጓጓዙት።

አስጎብኚዎቹ የግንቡ ጥላ መሬት ላይ አያርፍም ብለው ይምላሉ። እኔ ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ይዞ ተረት መጨመር ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ጽሑፍ ተቀርጿል። የጸሎት መስሎኝ ነበር። ለካ አብዛኛው የሒሳብ መዝገብ ነው! ማን ስንት ወርቅ ሰጠ፣ መብራቱ እንዳይጠፋ ለቅቤው የተመደቡት ከብቶች ስንት ናቸው፣ ወዘተ። ንጉሡ ከሌሎች ቤተ መቅደሶች ያስመጣቸው 400 ሴት ዘፋኝና ተወዛዋዦች እንኳ በየስማቸው፣ ከነመኖሪያ ቤታቸው ተጽፈዋል። የሺህ ዓመት ደሞዝ ዝርዝር በሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሮቹን አልፈህ ሰፊው ግቢ ትገባለህ። ፊት ለፊት ናንዲ፣ የሺቫ በሬ፣ ተኝቶ ወደ ጌታው ያያል። ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው፤ እሱ ግን የመጣው ከዘመናት በኋላ ነው። ከዚያ በዓምድ የተሞላ ረጅም አዳራሽ አለ። ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ብርሃኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ውጭው በቅርጻ ቅርጽ የተጨናነቀውን ያህል ውስጡ ባዶ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ መብራት፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ፤ የሺቫ ሊንጋም፣ ማለትም ሺቫ የሚመለክበት ምልክት። ያ ሁሉ ግንብ የተከመረው ለዚህች ክፍል ነው። የግንቡ ውስጥም ክፍት ነው።

እዚያው ታሚል ናዱ፣ ማዱራይ ከተማ ያለው የሚናክሺ፣ የሺቫ ሚስት፣ ቤተ መቅደስ ተቃራኒው ነው። እዚያ የገዘፉት በሮቹ ላይ ያሉት ግንቦች ናቸው። ትልቁ 50 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በቀለም በተቀቡ ምስሎች ተወሯል። መቅደሱ ግን መሃል ላይ ተደብቆ ቀርቷል። እኔ ታንጃቩርን እመርጣለሁ። ከሩቅ ስታየው አምላካቸው የት እንደተቀመጠ ታውቃለህ። ማዱራይ ላይ ደግሞ «ከዚህ ወዲያ ሂንዱ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አለና ውስጡን አላየሁትም።

አምልኮው ከለመድኩት ይለያል። ሰው ተሰብስቦ አብሮ የሚያስቀድሰው ቅዳሴ የለም። ሁሉም በየሰዓቱ ይመጣል፣ ይሳለማል፣ በቀኝ በኩል ዞሮ ይወጣል። አምላኩ እንደ ንጉሥ ነው የሚኖረው። ጠዋት በዜማ ይቀሰቅሱታል። በወተት፣ በእርጎ፣ በማር ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ያበሉታል። ቀትር ላይ በር ተዘግቶ ያርፋል። ማዱራይማ ማታ ማታ ሺቫን በቃሬዛ ተሸክመው ሚስቱ እልፍኝ ያስገቡታል።

እኛም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያልን ወደ ውስጥ የምንጠብቅ ሕዝብ ነን። ምእመኑ መጨረሻው ድረስ አይገባም፣ እነሱም ጋ እንደዚያው። ልዩነቱ መጋረጃው ላይ ነው። እኛ ጋ ታቦቱ አይታይም፤ ሲወጣ እንኳ ተሸፍኖ ነው። እነሱ ጋ መጋረጃው የሚከፈተው እንዲያዩት ነው። ሰልፍ ይዞ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው የሚፈልገው ያንን ብቻ ነው፤ ሊያየው፣ በእምነታቸውም አምላኩ መልሶ ሊያየው። ካህኑ ካምፎር (እንደ ሰም የሚነድ ሽታ ያለው ነገር) ለኩሶ ምስሉ ፊት ያዞራል። ጨለማው ለቅጽበት ይገለጣል። አጠገቤ የነበሩ ባልቴት እንዳይርገበገብባቸው የፈሩ ይመስል ዓይናቸውን አፍጥጠው ነበር። እሳቱ ወደ ሕዝቡ ሲመጣ መዳፋቸውን አሳልፈውበት ዓይናቸውን ነኩ። ካህኑ አመድ አደላቸው፣ ግንባራቸውን ቀቡ። አስተናባሪው «ቀጥል፣ ቀጥል» እያለ ገፋን። አለቀ።

ስንወጣ በደረቅ ቅጠል ሩዝ አደሉን፤ በቅቤና በጥቁር ስኳር የተሠራ፣ ትኩስ፣ ሽታው የሚያንሰፈስፍ። ለአምላኩ የቀረበ ነው። ጳውሎስ ለጣዖት ስለተሠዋ ነገር የጻፈው ትዝ አለኝ። ይዤው ቆምኩ። አብሮኝ የነበረው የታሚል ልጅ ፊቴን አይቶ ሳቀና «ካልበላህ አምጣው» አለኝ። ሰጠሁት። የሁለታችንንም ድርሻ ጥርግ አድርጎ በላና ጣቱን ላሰ። ርቦኝ ስለነበር ትንሽ ተናደድኩ።