ረዳቱ ታኮ ሊያደርግ ወረደ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ልጽፍ ስንት ጊዜ ተነሥቼ እንባዬ እየቀደመኝ ተውኩት።

ሐምሌ 18 ማታ ነው፣ የገብርኤል ዋዜማ። ከደብረ ብርሃን በብስክሌት ደብረ ሲና ወርጄ እየተመለስኩ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ልምምዱ ለረጅም ርቀት ትራያትሎን ነው፦ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በላዩ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ለዋናው ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ አዲስ አበባ እመላለስ ነበር። «ምን አስለፋህ?» ለሚለኝ ሁሉ ለጤናዬ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው።

ታናሽ ወንድሜን በሬሳ የሚባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ ወስዶብኛል። 17 ዓመቱ ነበር። ሯጭ ነበር፤ የጫጫዋ ጌጤ ዋሚ በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ብር ያመጣች ጊዜ ገና ሕፃን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ግን ሱቅ እንኳ ሲላክ በሩጫ ነው። ወንዙ የሞላ ቀን እኔ ዳር ቆሜ ጮህኩ። ዋና አልችልም። ከመጮህ በቀር ምንም አላደረግኩም።

በተዝካሩ ዕለት አንድ ዘመዳችን ሊያጽናናኝ ብሎ ከኢሳይያስ ጠቀሰልኝ፦ «በወንዞችም ውስጥ ባለፍህ ጊዜ አያሰጥሙህም»። ተነሥቼ ወጣሁ። ታዲያ እሱን ለምን? ስምንት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልረገጥኩም፤ በሥላሴ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ያን ውድድር የመረጥኩት በውኃ ስለሚጀምር ነው። እግዚአብሔርን «አንተ ወንድሜን ካላወጣህበት ውኃ እኔ ራሴ እወጣለሁ» ልለው ነበር። ልቤ ይህን ያህል ከፍቶ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ዋሻው ከመድረሴ በፊት ጉሙ ወረደ። ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የፊት ጎማዬ ጠፋኝ። ከላይ የመኪና መብራት ድንገት ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ጠርዝ ያዝኩ፣ ከዚያ ጠርዙም አልነበረም።

ስነቃ በጀርባዬ ቦይ ውስጥ ነኝ። ግራ ጭኔ አይታዘዘኝም። ስልኬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ዝናቡ ሲጀምር ጎርፉ ከላይ በቦዩ መጣ፤ መጀመሪያ ጀርባዬን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን፣ ኋላ ጆሮዬን ሞላው። ጆሮ ውኃ ሲገባው የዓለም ድምፅ እንዴት እንደሚርቅ! ወንድሜ የሰማው ይህንን ነው አልኩ። ዋና ያስተማረኝ ሰው (ዕድሜ ይስጠው) «አንገትህን ልቀቀው፣ ተንፍስ» እያለ ይቆጣኝ ነበር። አንገቴን ለቀቅኩት። ያን ጊዜ ሳላስበው፣ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አቤቱ፣ አንተን ከጥልቅ ጠራሁህ» የሚለው ከአፌ ወጣ። ከዚያ እናቴ በልጅነቴ እንዳስተማረችኝ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስን በጣቴ አንጓ መቁጠር ያዝኩ። አንጓው ደነዘዘ። ስንቴ 41 እንደሞላሁ አላውቅም። መኪና ያልፋል፣ እጮሃለሁ፣ ያልፋል። ገብርኤል ሆይ፣ ነገ በዓልህ ነው፣ እናቴን ሁለተኛ አታስለቅሳት አልኩ።

ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ግድም የከባድ መኪና ፍሬን ሲተነፍስ ሰማሁ። ጉሙ አላስነዳ ብሎት ሾፌሩ ሊያድር ቆሟል። ረዳቱ ታኮ ሊያደርግ ወረደ። ኋላ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ ያነሣው ድንጋይ ትንሽ ሆኖ ጎማው ሥር ተንሸራተተበት። ከፍ ያለ ፍለጋ ወደ ጠርዙ ቀረበ። ያች ድንጋይ በቅታው ቢሆን ኖሮ ጋቢና ገብቶ በሩን ይዘጋ ነበር።

«ማነው? ሰው ነህ?» አለ።

ሰው ነኝ ማለት አቃተኝ። እግዚኦ ብቻ አልኩ። የዕቃ ማሰሪያ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ እኔ ወረደ። ቢበዛ 17 ቢሆነው ነው። ሾፌሩ ከላይ ይዞ፣ እሱ ከሥር እየገፋ አወጡኝ፤ የራሳቸውን የመንዝ ባና አለበሱኝና በዚያ ጉም በእግር ፍጥነት እየነዱ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ወንድሜ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ሄድክ። ይህን ካነበብክ ባናህ እኔ ዘንድ አለ።

ሰባት ወር በአልጋና በክራንች አለፈ። መሄድ ስችል ጻድቃኔ ማርያም ወርጄ ስለቴን አገባሁ።

ባለፈው ወር ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ገብቼ 3.8 ኪሎ ሜትሩን ዋኘሁ። ልበቀል ብዬ አልነበረም፤ እያመሰገንኩ ነው የዋኘሁት። ወንድሜን ለምን እንደወሰደው አሁንም አላውቅም፣ እጠይቀዋለሁም፤ ግን ፊቴን ሳላዞር ነው። እናቴ ከልጇ ሞት ወዲህ ውኃ ዳር ቀርባ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን መጣች፣ ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ ጠበቀችኝ። ስወጣ ነጠላዋን አውርዳ ራሴን ታደርቀኝ ጀመር፣ ጆሮዬን ደጋግማ።

«ውኃ ገባበት?» አለችኝ።

«አልገባም፣ እማዬ።»