ውል ስታድሱ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ባለፈው ወር የሱቃችንን የስልክ ውል አድሻለሁ። በወር 4,350 ብር ስንከፍል የነበረውን 3,080 አድርጌው ነው የወጣሁት። እዚያ የማውቀው ሰው የለኝም፣ ማንንም አላስቸገርኩም። ብዙዎቻችን ውል ማደስ ማለት ሄዶ መፈረም ብቻ ስለሚመስለን ልጻፈው ብዬ ነው። እኔም እስካሁን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መጋዘናችን ኮምቦልቻ ነው። ሦስት መስመር አለን፦ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የመጋዘኑ ልጅ፣ አንዱ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር። ሦስቱም በሱቃችን ስም በድህረ ክፍያ (መጀመሪያ ተጠቅሞ በኋላ በሚከፈል) የተያዙ ናቸው። መካነ ሰላም ላይ መኪና የቆመበት ሰው የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ ኮምቦልቻ ደውዬ አለ የለም አጣራለሁ፣ ካለ ከሰዓት በሚወጣው መኪና ይጫናል። ሥራው እንዲህ ነው። ለእህል ነጋዴ ሚዛን ማለት ለእኔ ስልክ ነው።

የእኔ ቁጥር ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታፔላው ላይ አለ፣ ደረሰኙ ላይ አለ፣ ሐይቅና ወልዲያ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ግራሶ በነካው እጅ በጠመኔ ተጽፎ አይቼዋለሁ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ዘመድ ወዳጅ "አላችሁ ወይ?" ብሎ የደወለው በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቢመረኝም ጥዬው የምሄደው ቁጥር አይደለም። ይህንን ደግሞ የስልክ ድርጅቱም ያውቀዋል።

ውሉ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መልእክት ገባልኝ። ዱሮ ቢሆን በማግስቱ ሄጄ እፈርም ነበር። አሁን ግን በቅድሚያ የስድስት ወሩን ዝርዝር ቢል አስወጣሁ። ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ የሒሳብ ደብተሩን አውጥቼ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ጻፍኩት፤ ስንት ደቂቃ ተደወለ፣ ስንት ዳታ ሄደ፣ ከጥቅሉ ውጭ ምን ተቆረጠ።

ያየሁት አናደደኝ። ሦስቱም መስመር እኩል 1,450 ብር ነው የሚከፈልበት፣ ጥቅሉም አንድ ዓይነት ነው። የመጋዘኑ ልጅ ግን የያዛት ባለ መብራቷን ትንሽ ስልክ ናት፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የላትም። በስድስት ወር ውስጥ ዳታው አልተነካም። የእኔ ደግሞ ወር በገባ በ18ኛው ቀን ያልቅና ከኪሴ እየጨመርኩ እገዛለሁ። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ እየተራበ የሌላው እንጀራ ሻጋታ ያወጣል እንደማለት ነው።

ይኸ ብቻ አይደለም። የልጁ መስመር ላይ በየወሩ 25 ብር የጥሪ ማሳመሪያ ይቆረጣል። የሹፌሩ ላይ የእግር ኳስ ዜና የሚልክ አጭር ቁጥር አለ፣ በቀን 2 ብር። ጠየቅኳቸው፣ ሁለቱም "እኔ አላስገባሁም" አሉ። ወደ ኋላ ስናየው 11 ወር ሆኖታል። ትንሽ ብር ነው ትሉ ይሆናል። ያላዘዝኩት ነገር ግን አንድ ብርም ቢሆን ብዙ ነው።

ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት።

"ጋሼ፣ ለነባር ደንበኛ ልዩ ጥቅል መጥቷል፣ ልሙላልዎት?"

"ስንት ነው?"

"በመስመር 1,650።"

"ከነቫቱ?"

ትንሽ ዝም አለችና "ቫት ሳይጨምር" አለች። 15 በመቶው ሲደመር 1,897 ብር ከ50 ነው፣ በሦስት መስመር 5,692 ብር ከ50። ለነባር ደንበኛ ልዩ ተብሎ የቀረበልኝ ከነበረኝ ከ1,300 ብር በላይ የሚበልጥ ነገር ነው። ይህን ጥያቄ አደራ ጠይቁ። ዋጋ ሲነግሯችሁ ከነቫቱ ነው ወይስ ያለ ቫቱ በሉ።

"ቆይ እህቴ፣ መጀመሪያ ይቺን እዪልኝ" ብዬ ደብተሩን አዞርኩላት። አነበበችው። ከዚያ የተለመደው መልስ መጣ፦ "ዋጋው ሲስተሙ ላይ ያለ ነው፣ እኔ መቀነስ አልችልም።" እዚህ ጋ ነው ሁላችንም የምንሸነፈው። ሰኞ ገበያ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው "ሲስተሙ" ሲባል እጁን ይሰጣል። ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ታሪፉን እሷ አታወጣውም። እኔም የጠየቅኩት እሱን አልነበረም።

"ዋጋ ቀንሺ አላልኩሽም። የማንጠቀምበትን አንሺልኝ ነው ያልኩሽ።"

ይህን ስላት ነገሩ ተቀየረ። የልጁን መስመር ድምፅ ብቻ ወዳለው ጥቅል አወረደችው፣ 480 ብር። የሹፌሩን ወደ 700። የእኔን ደግሞ ዳታው ሰፋ ወዳለው 1,900 ከፍ አደረግነው። ሁሉም ከነቫቱ ነው። ጥቅሉ ካለቀም ዝም ብሎ ከጥቅል ውጭ ባለው ዋጋ እንዳይቆጥርብኝ ዳታው እንዲቆም አስደረግኩ።

ከፍ ላለው ጥቅል ተጨማሪ ማስያዣ ትከፍላለህ ተባልኩ። ኃላፊዋን አስጠራሁ። እዚህ ላይ ነው ነባር ደንበኛ መሆን የጠቀመኝ። ቆይቻለሁ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፣ ማንም እንደዚያ ይላል። "የክፍያ ታሪኬን ክፈቱትና እዩ፣ አንድ ወር አሳልፌ ከሆነ ማስያዣውን እከፍላለሁ" አልኳቸው። ከፈቱት። አንድም የለም። ማስያዣው ቀረ። የሌላውን ኦፕሬተር ዋጋም ጠይቄ፣ ጽፌ ይዤ ነበር፤ ለዛቻ ሳይሆን ገበያውን እንደማውቅ እንዲያዩ። ያላዘዝናቸውን አገልግሎቶች ዘጉልን፣ ከ11ዱ ወር የሦስቱን ወር መለሱልን። የቀረውን አልመለሱም።

በ24 ወር ውል ስልክ ጭምር እንስጥህ ብለውኝ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ የስልክ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያጓጓል። ግን ለስልኩ በወር 1,250 በ24 ሲባዛ 30,000 ነው። ያንኑ ስልክ ከእኔ ሱቅ ሁለት በር አልፎ 24,500 ይሸጡታል። ተውኩት፣ የ12 ወር ፈረምኩ።

ያልተሳካልኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ዳታ የሌለውን ጥቅል ከነዳታው ዋጋ ከፍያለሁ። ፎቶ መላክ ስለማይቻል መኪና የቆመባቸው ሹፌሮች ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ነበር የሚያነቡልኝ፣ በነፋስ፣ በመንገድ ዳር፣ ጽሑፉ ተፍቆ። አንዱ 6205 ብሎኝ ላክሁለት፣ የሱ 6206 ኖሯል። የውስጥ ቀዳዳው በ5 ሚሊ ሜትር ይለያያል፣ አይገባም። ዕቃው ተመለሰ፣ ሰውየው ሁለት ቀን ተጨማሪ ቆመ። ኢንተርኔቱን ማን እንደዘጋው አይደለም ጥያቄዬ። ያልተሰጠኝን አገልግሎት ለምን ከፈልኩ ነው። ኃላፊዋ "አብሽሩ ጋሼ፣ ይህ ከእኛ ቅርንጫፍ በላይ ነው" አለችኝ። ማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ፣ ቅጂው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም አስመታሁ። እስካሁን መልስ የለም። ካልመለሱልኝ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 ወደተቋቋመው ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እወስደዋለሁ፣ ቅጂው በእጄ ነው።

ማታ ኮምቦልቻ ደውዬ ለልጁ ነገርኩት። የጥሪ ማሳመሪያውን ራሱ ሰምቶት አያውቅም፣ የሚሰማው ደዋዩ ነዋ። ደንበኞች ግን ለምደውት ኖሯል፣ በማግስቱ ሁለት ሦስት ሰው "ዘፈኑ የት ሄደ?" ብለው ጠየቁት። አሁን ሲደውሉለት ዝም ብሎ ይጠራል።