የፅንስን ልብ ምት ከምጡ ጋር ማዛመድ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የምሠራው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ፣ በማዋለጃ ክፍል ነው። የፅንስን ልብ ምት ከመቁጠር አልፌ ምን እንደሚል መረዳት መጀመሬ በቅርቡ ስለታወቀኝ፣ ለሙያ ጓደኞቼ ላካፍል ወደድሁ። ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆኑን፣ ምጡ ከጠና በኋላ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ እናትየዋ ልጁን ለመውለድ ስትገፋ ደግሞ በየ5 ደቂቃው እንደሚደመጥ ሁላችንም ስለምናውቅ አልደግመውም።

ያስቸገረኝ የምቱ መውረድ ከማኅፀኑ መኮማተር አንጻር መቼ እንደሚከሰት መለየት ነበር። የልብ ምቱንና መኮማተሩን አብሮ በሚመዘግበው መሣሪያ፣ በሲቲጂ፣ ወረቀት ላይ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ስለሚታዩ፣ ከመኮማተሩ ጋር ጀምሮ አብሮ የሚያበቃው መውረድ ከጭንቅላት መጫን፣ ቅርጹና ጊዜው የሚለዋወጠው ከእትብት መጫን፣ ዘግይቶ ጀምሮ ማኅፀኑ ከላላ በኋላም የሚቆየው ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ከሚደርስ የኦክስጅን እጥረት ጋር ይያያዛል። እኛ ዘንድ ያለው ግን ፌቶስኮፕ (ሆድ ላይ ተደግፎ በጆሮ የሚደመጥበት ቀንድ መሰል መሣሪያ) እና የእጅ ዶፕለር (የልብ ምቱን በድምፅ ሞገድ ይዞ የሚያሰማ ትንሽ መሣሪያ) ብቻ ነው።

መላ የሆነኝ ግራ እጄ ነው። በማኅፀኑ አናት ላይ አሳርፌው፣ ጥንካሬው ሊለቅ ሲል ማዳመጥ እጀምርና ከላላ በኋላም እቀጥላለሁ፤ ደቂቃዋንም በየ15 ሰከንዱ ከፍዬ እጽፋለሁ። ለምሳሌ 36፣ 34፣ 26፣ 32 ቢመጣ ድምሩ 128 ስለሆነ የምጡን ሂደት በምንመዘግብበት ቅጽ፣ በፓርቶግራፉ፣ ላይ እንከን አይታይበትም፤ ሦስተኛው ክፍል ግን በደቂቃ ሲሰላ 104 ነው። እንዲህ ያለው መውረድ እናትየዋ በግራ ጎኗ ከተኛች በኋላም በሚቀጥሉት ምጦች ከተደጋገመ፣ የእኛ መንገድ አምቡላንስ እንደሚያዘገይ እያወቁ ሪፈሩን (ወደ ሆስፒታል መላኩን) ማቆየት አይገባም። 15 ሰከንድ ብቻ ቆጥሮ በ4 ማባዛትን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዶፕለሩ መስኮት ላይ የሚታየውን ቁጥርም ብቻውን አላምነውም፤ አንዳንዴ የሚይዘው የእናትየዋን ትርታ ስለሆነ፣ ሦስተኛ እጅ የሌለኝ ለእኔ ባልደረባዬ የእናትየዋን የእጅ አንጓ ይዛ ትርታዋን ትለይልኛለች።

ሲቲጂ ለሁሉም ወላድ ይገባል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ምጧ በራሱ ለመጣ ጤነኛ እናት ያለማቋረጥ በሲቲጂ መከታተልን አይመክርም፤ እኔም እስማማለሁ።

እስካሁን ያልተገለጠልኝ የምቱ መዋዠቅ፣ ማለትም የልብ ምቱ መስመር በየቅጽበቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። በደቂቃ ከ5 እስከ 25 ምት መሆን እንዳለበት ባውቅም፣ በመለማመጃ ወረቀቶች ላይ ከባልደረቦቼ ጋር የምንስማማው አልፎ አልፎ ነው። ይህን በጆሮ እለያለሁ የሚል ሰው ካለ አላምነውም። ለጀማሪ የምለው ግን፣ ወረቀቱ በደቂቃ 1 ሴንቲሜትር ይሂድ ወይስ 3፣ አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ያው መስመር በአንዱ ተጨናንቆ፣ በሌላው ተዘርግቶ ይታያል።