ባለ ሁለት በሯን ለመሸጥ የፈጀብኝ ስምንት ወር

መኪናዋን የገዛኋት በ2011 ዓ.ም. በ385 ሺህ ብር ነው። ያሪስ ቲ-ስፖርት፣ በፈረንጅ የ2003 ስሪት፣ ከአውሮፓ የገባች፣ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ማንዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ቶዮታ ሁሉ «ቪትዝ» ስለሚባል ዞር ብሎ የሚያያት ሰው የለም፤ የሚያውቃት ግን ያውቃታል። ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ሆኖ 1.5 ሞተር ነው የተሸከመችው። እሁድ በጠዋት፣ ከአያት ወደ መገናኛ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ስረግጣት ባለቤቴ «ድመቷ ተረገጠች» ትላለች።

በ2013 ወንድ ልጅ ስንወልድ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መኪና ካልቀየርክ አለኝ። አልቀየርኩም፤ ልክም ነበርኩ። አንድ ልጅ ማለት አንድ ወንበር ነው። የሕፃን ወንበሩን ከጋቢናው ጀርባ በቀበቶ አስረን፣ ጋቢናውን ትንሽ ወደፊት ገፋ አድርገን ሦስት ዓመት ተመላለስንባት። (እግረ መንገዴን፦ የሕፃን ወንበር ግዙ። ትራፊክ ፖሊስ የእኔን ቀበቶ እንጂ የልጄን ወንበር አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። «እናቱ ታቅፈዋለች» የሚሏችሁን አትስሙ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ አሥር ኪሎ ልጅ በክንድ አይያዝም።)

ሴት ልጃችን በታኅሣሥ 2016 ስትወለድ ነገሩ ተለወጠ። ሁለት ወንበር ከኋላ ሲታሰር መሀል ላይ የሚተርፈው ቦታ ለአንድ የዳቦ ፌስታል ነው። ሰማንያ ቀን ሞልቷት ለክርስትና ስንሄድ አማቴ ከሕፃኗ አጠገብ ካልተቀመጥኩ አሉ። በሁለቱ ወንበሮች መሀል እንደምንም ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ጋቢናውን ወደፊት አጠፍኩና እጃቸውን ያዝኩ፤ ነጠላቸው የወንበሩ ማስተካከያ ላይ ተጠመጠመ። የክርስትና እናቷ ከፊት ትጎትታለች፣ እኔ ነጠላውን እፈታለሁ፣ ልጁ ከኋላ ይስቃል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው በሙሉ ቆሞ ያየናል። በመጨረሻ ሲወጡ ነጠላቸውን አራግፈው «ልጄ፣ እንጀራም ከሞሰብ ሲወጣ እንዲህ አይሰቃይም» አሉኝ።

ማታ ባለቤቴ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተናገረችም። ይሄኔ ነው የምሸጣት መሆኔን ያወቅኩት።

ወንድሜ ራቭ ፎር ግዛ አለኝ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ ኤሌክትሪክ አሉ፤ በዚያው ዓመት ጥር ወር በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ስለተሰማ፣ ሰው ሁሉ ስለ አይዲ 6 እና ስለ ቢዋይዲ ነበር የሚያወራው። መንግሥትም ኤሌክትሪክ ግዙ ብሎ ቀረጡን አቅልሎለታል። እኔ የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ገመድ አውርጄ፣ ከታች ኳስ በሚጫወቱ ልጆች መሀል ሳምንቱን ሙሉ መኪና ቻርጅ ላደርግ? ግቢ ያለው ይግዛ። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ማንም ምን ቢል፣ አልመክርም።

ቦሎ አደስኩ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ከፈልኩ፣ አሳጠብኳት፣ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። በግንቦት 950 ሺህ ብር የሚል ገዢ መጣ፤ 50 ሺህ ቀብድ ተቀበልኩ። እስከዚህ ድረስ ሁለት ሳምንት ነው የፈጀው።

ችግሩ በ2011 ስገዛት ስም አለማዛወሬ ነው። ሻጩ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ደላላው «ለምን 2 በመቶ ቴምብር ትከፍላለህ? መሸጥ መለወጥ የሚል ውክልና ይስጡህ፤ ያንተው ናት» አለኝ። በገዛሁበት ዋጋ ሲሰላ 7,700 ብር መሆኑ ነው። ውክልናው ተሰጠኝ፣ የሽያጭ ውሉን በሦስት ምስክር ተፈራረምን፣ 7,700 ብር አተረፍኩ ብዬ በዚያው ሳምንት ጎማ ቀየርኩባት። ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሰው ሒሳብ ስመረምር የምውል ሰው ነኝ።

ከገዢው ጋር ውል የሚጸድቅበት ቢሮ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ «የባለንብረቱ የጋብቻ ማስረጃስ?» አለች። ውክልናው ላይ የፈረሙት ጋሼ ብቻ ናቸው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ባልና ሚስት ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ዛሬ በ500 ብር አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው። ቀላል ነው ብዬ ውጭ ወጥቼ ጋሼ ጋ ደወልኩ። የሴት ድምፅ አነሳው።

«ጋሼን ፈልጌ ነበር።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው» አሉኝ።

ነፍስ ይማር አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ግን እያልኩም በጭንቅላቴ ቀብዱን እያሰብኩ ነበር፣ አልዋሽም።

ደላላው አልተደናገጠም። «ውክልናው ላይ ሞቱ ተጽፏል? የጋብቻውን ወረቀት ከሴትዮዋ ተቀብለህ ሽጥ፤ ማን ያውቃል?» አለ። ጠበቃ የሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «የሞተ ሰው ወኪል የለውም» አለኝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል። እያወቅኩ ብፈርም ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተ ውክልና ኪሴ ይዤ ስነዳ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው ውክልና ሕጋዊ ነው ሲሏችሁ አትዘናጉ የምለው። ሕጋዊማ ነው፤ ዕድሜው ግን የሰውየው ዕድሜ ነው።

ገዢው ሕግ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ቆየኝ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል ብሎ 100 ሺህ ጠየቀኝ። ተለማምጬ በ70 ሺህ ተለያየን። 20 ሺህ እዚያ ላይ ሄደች።

ወራሾቹ የጋሼ ባለቤት እማማና አራት ልጆቻቸው ናቸው። ሦስቱ ሰው ናቸው። ዱባይ ያለችው ልጅ ስደውልላት «የአባቴ ቃል ነው፤ ምን ላድርግ?» ብላ፣ ቆንስላ ሄዳ፣ ውክልናዋ እዚህ ውጭ ጉዳይ እስኪረጋገጥ ድረስ በአንድ ወር ጨረሰችልኝ። ሁለተኛው ወንድ ልጅ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስልክ አያነሳም። ሐምሌ ላይ ሲያነሳ «መኪናዋ እስከዛሬ በአባቴ ስም ናት፤ ዛሬ ሚሊዮን ታወጣለች። በ2011 ዋጋ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ደግሞ ባሰበት፤ ዶላር በጨመረ ቁጥር እሱም ይጨምራል።

የሽያጭ ውሉ ከሠርጋችን አልበም ሥር መገኘቱ ነው ያዳነኝ። ጠበቃው ጓደኛዬ «ብትከሰው ትረታለህ፤ የምትረታው ግን ሴቷ ልጅህ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው» አለኝ። እኛ በዚህ ስንጨቃጨቅ ሐምሌ አለቀ። የወራሽነት ማስረጃ የሚወጣው ከፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 እረፍት ነው፤ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር አያይም። የሁለት ሕፃናት አባት ባለ ሁለት በር መኪና መንዳቱ አስቸኳይ አይደለም። ውርስ ነክ ወረቀት ያለበት ሰው ሐምሌ ሳይገባ ፋይሉን ይክፈት። እኔ በሁለት ሳምንት ተበልጬ ሁለት ወር ከፍያለሁ።

በመስከረም መጨረሻ፣ ቤንዚን 91 ብር ከ14 ሳንቲም በገባ ሰሞን፣ ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴና ከእማማ ዕድር ሁለት አባቶች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎናቸው ተቀመጡ። ልጁ ስለ ገበያ ዋጋ ለግማሽ ሰዓት አስረዳ። እማማ ቡናውን ትተው «አባትህ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲቀበል አጠገቡ ነበርክ» አሉት፤ ከዚያ በኋላ አንገቱን ደፋ። ባዶ እጁን እንዳይወጣ ግን ሽማግሌዎቹ ለጋሼ መቃብር ሐውልት ማሠሪያ 60 ሺህ ብር እንድሰጥ ወሰኑ። ሰጠሁ። ሐውልቱ ይሠራ አይሠራ ሄጄ አላየሁም።

አበቃ ስል መስኮቱ ጋ ሌላ መጣ። ሊብሬው ላይ የጋሼ ስም የሚጀምረው በብዙኃኑ «ኃ» ነው፤ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ በሃሌታው «ሃ»። ጸሐፊዋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችና «ወንድሜ፣ ይሄ ሁለት ሰው ነው» አለችኝ። አንድ መሆናቸውን ወረዳው ይጻፍ ተባለ። ወረዳው ደግሞ ባለቤታቸው በአካል ይምጡ አለ። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እኔው ወሰድኳቸው። በዚያችው በቀይዋ። ጋቢና ተቀምጠው ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና «ይቺን መኪና አልወዳትም ነበር» አሉኝ። «ሽማግሌ ሰው ምን ያስሮጠዋል? እለው ነበር። እንደ ጎረምሳ ነበር የሚያስጮሃት።» ሁለት ፊደል ለማስታረቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ከሦስቱ ቀን ያተረፍኩት ይህን ወሬ ነው።

በታኅሣሥ 2017 መኪናዋ በስሜ ሆነች። ግምቷ 1.1 ሚሊዮን ተባለና 2 በመቶው 22 ሺህ። የቀብዱ 20 ሺህ፣ የሐውልቱ 60 ሺህ፣ የጠበቃ 15 ሺህ፤ በድምሩ 117 ሺህ ብር። «ዋጋዋም ጨምሮልህ የለ?» የሚለኝ አለ። የምገዛትም ጨምራለች፣ ወዳጄ።

ስምንቱን ወር ግን ሁለት ልጅ በዚያችው መኪና ስላመላለስኩ፣ በግንቦት ብሸጣት የማላውቀውን አውቄያለሁ። ያስቸገረን የመኪናዋ ማነስ አልነበረም። ጋሪውን ታጣፊ ስንገዛ የኋላ ኮፈኑ በቃው። ቁመቷ ዝቅ ማለቱም በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ሆዷን ያስፍቃታል እንጂ አይገድልም። ወገቤን የቆረጠኝ የተኛች ሕፃን ይዞ በታጠፈ ጋቢና በኩል ማጎንበሱ ነው፣ በቀን አራት ጊዜ። ያጣነው በር ነበር። ራቭ ፎር ገዝቼ ቢሆን ለሁለት በር ብዬ የአንድ መኪና ዋጋ ልጨምር ነበር።

ስለዚህ የገዛነው ሌላ ያሪስ ነው፦ ባለ አራት በር፣ 1.3፣ የ2006፣ ግራጫ። ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ሁለቱን የሕፃን ወንበሮች ይዘን ሄደን እዚያው አሰርናቸው፤ ባለቤቴ ሕፃኗን አራት ጊዜ አስገብታ አወጣች፤ ሻጩ ግራ ተጋብቶ ያየን ነበር። ሻጭ ቢታዘባችሁም አድርጉት። አማቴ ከኋላ በገዛ በራቸው ሲወርዱ ምንም አላሉም። መንዳቱ ግን ለብ ያለ ሻይ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ብረግጣት የሚጮህ ድመት የለም።

ቀይዋን በጥር አንድ ገና ያላገባ ልጅ በ1.18 ሚሊዮን ገዛኝ። በአሥር ደቂቃ ነው የተስማማነው፤ መኪናዋ ምን እንደሆነች ያውቃል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚያ ደላላው ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለውና ወደኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ስም ማዛወሩ ለጊዜው ይቆየን፤ ውክልና ስጠኝ፣ 2 በመቶውን ለጎማ አደርገዋለሁ» አለኝ።

ጋሼ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ቁልፉን ከእጁ ተቀብዬ ሽያጩ ይቅር አልኩት። ደላላው ተሳደበ። ልጁ እኔንም መኪናዋንም ተራ በተራ አይቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ መታወቂያውን፣ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃውንና የቴምብሩን ብር ይዞ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።