ዛቡን እስክለቅ ድረስ

እናቴ ሥራዬ እስካሁን አልገባትም። አንድ ቀን ደውላ «ካውቦይ ማለት ላም ጠባቂ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ላም ለመጠበቅ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ።

ላም እንኳን አልጠብቅም። ሮዲዮ በሚሉት የካውቦዮች የፈረስና የከብት ትርኢት ላይ በውድድሮቹ መሀል ገብቼ፣ በሚጋልብ ፈረስ ላይ እቆማለሁ፣ እገለበጣለሁ፣ ገመድ አሽከረክራለሁ። በዚሁ ነው የምኖረው።

ያደግኩት እንጅባራ አጠገብ ነው። አባቴ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በማኅበሩ በዓል፣ ጥር 23 ቀን፣ ፈረሶቹ አጊጠው ሜዳውን ሲሞሉት ያየ ሰው እኔ ለምን ፈረስ እንደማልፈራ አይጠይቀኝም። ልጅ ሆኜ ጉግስ ተጫውቻለሁ። ዳላስ ከመጣሁ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ፎርት ዎርዝ ሮዲዮ ገባሁ። አንዲት ልጅ በሚበር ፈረስ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ አለፈች። «ይቺማ ምን አላት!» አልኩ። ያቺን «ምን አላት» ለመቻል ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

የዚያን ምሽት ከአዳራሹ ስወጣ አንድ ሐውልት አየሁ። ጥቁር ሰው የበሬ ቀንድ ይዞ ሲታገል። ቢል ፒኬት ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ የተወለደ፣ ከፈረስ ላይ ዘሎ በሬ የመጣልን ጥበብ ያስፋፋ ሰው። በሬውን ከንፈሩን ነክሶ ነበር የሚጥለው፣ በጥርሱ! እኔ ካውቦይ የሚባለው ሁሉ ነጭ ይመስለኝ ነበር። ሐውልቱ ሥር ቆሜ ብዙ ፎቶ አነሳሁ።

ከዚያ የሚያስተምረኝ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። ማታ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበርኩ። ጠዋት ከከተማ ወጣ ወዳለ ጋጣ እሄዳለሁ፤ ፍግ እዝቃለሁ፣ በምላሹ እጋልባለሁ። እዚያ አንድ ሜክሲካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉም «ዶን» ይላቸዋል፣ በኛ ጋሼ እንደማለት ነው። የገመዱ ጥበብ ራሱ ከሜክሲኮ ፈረሰኞች የመጣ ነው፤ ቪሴንቴ ኦሮፔሳ የሚባል ሜክሲካዊ ነው ቡፋሎ ቢል በሚባል አሜሪካዊ የካውቦይ ትርኢት ላይ ይዞት ዞሮ አሜሪካኖቹን ያስደነቀው። ዶን ይህን ሳይነግሩኝ የዋሉበት ቀን የለም።

ፈረስ ላይ አላወጡኝም። አራት ሜትር ተኩል ገደማ የምትሆን ገመድ ሰጡኝና «ሂድ» አሉኝ። ከብት የሚያዝበት ደረቅ ናይለን አይደለም፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ለስላሳ ጥጥ ነው። ጫፉ ላይ ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ሆንዳ ይሉታል፣ መኪናውን አይደለም።

ያቺን ገመድ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ሌሊት በመብራት ሥር አሽከረከርኳት። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ ሞታ ትወድቃለች። አንድ ሌሊት አለቃዬ በካሜራ አይቶኝ ኖሮ ደወለና «ደህና ነህ?» አለኝ። ደህና አልነበርኩም። ገመዱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይከርራል። ክረቱን በጣትህ መሀል እያንከባለልክ ካልፈታኸው ይጠማዘዝና ቀለበቱ ይዘጋል። እኔ ደግሞ እንደ ዱላ ጨብጬው ነበር። ዶን መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቋቸው። «እንደ እርሳስ ያዘው» አሉኝ። በማግስቱ ቀለበቱ ጉልበቴ አካባቢ ተንሳፍፎ ቆመ። ብቻዬን ጮህኩ።

ቴክሳስ ስኪፕ የሚሉት ገመዱን በጎንህ አቁመህ እያሽከረከርክ በመሀሉ ወዲያና ወዲህ መዝለል ነው። እሱ ሌላ ሰባት ወር ወሰደብኝ። ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል።

ፈረሱ ሲመጣ የረዳኝም ያደናቀፈኝም የአገሬ ልምድ ነው። ሚዛን ነበረኝ፣ ፍርሃት አልነበረኝም። ግን ጉግስ ላይ ዛቡ በእጅህ ነው፤ ፈረሱ የት እንደሚታጠፍ የምትወስነው አንተ ነህ። እዚህ ዛቡን ኮርቻው ላይ ታስርና ትተወዋለህ። ፈረሱ ያለማንም ትእዛዝ የአጥሩን ጥግ ይዞ በእኩል ፍጥነት መጋለብ አለበት። ፈረሴን ዳማ ብዬዋለሁ (አስተዋዋቂዎቹ «ዴማ» ይሉታል፣ ማረም ትቻለሁ)። ዳማን ያንን ለማስተማር ስምንት ወር ፈጀ። እኔ ኮርቻው ላይ ለመቆም የፈጀብኝ ሁለት ሳምንት ነው። ለብዙ ጊዜ ግን ቆሜም ቢሆን እጄ ዛብ ይፈልግ ነበር፤ እጄ ሲንቀሳቀስ ትከሻዬ ያዘነብላል፣ ዳማም ጥጉን ይለቃል።

የወደቅኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ እግርህን በጠፍር አስረህ፣ ጭንቅላትህን ወደታች አድርገህ በፈረሱ ጎን የምትንጠለጠልበት አለ። ጣትህ አሸዋውን ይነካል። የዚያን ቀን ዘግይቼ ደረስኩና ኮርቻውን አንድ ጊዜ ብቻ አጠበቅኩ። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፤ ትንሽ አራምደህ እንደገና ማጥበቅ አለብህ። ይህን አባቴ በስድስት ዓመቴ ነግሮኛል። ኮርቻው ዞረ። የሸራ ጫማ ስለነበረኝ እግሬ ሾልኮ ወጣ፤ ቡት ቢሆን ይጎትተኝ ነበር። ሁለት ጎድኔ ተሰበረ። የሕክምናው ወጪ የክረምቱን ገቢ በላው። አሁን ሦስት ጊዜ አጠብቃለሁ፤ ሰው ቢስቅብኝም።

ገንዘቡን ለሚጠይቁኝ፦ ተወዳዳሪዎቹ ለመግባት ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ካላሸነፉ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እኛ በውል ነን፤ በትርኢት ይከፈለናል። ነገር ግን ናፍጣው፣ ድርቆሹ፣ የፈረስ ሐኪሙ ከዚያው ነው የሚወጣው። ዋናው ጊዜ ሐምሌ 4 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በየከተማው ሮዲዮ ስላለ «የካውቦይ ገና» ይሉታል። ለኔ ሦስተኛ ገና መሆኑ ነው።

ገመዱ ዛሬም ሕዝብ ፊት ያመልጠኛል። በገመድ ጥበቡና በቀልዱ የታወቀው አሜሪካዊ ዊል ሮጀርስ ገመድ ሲያመልጠው ቀልድ ጣል ያደርግ ነበር ይባላል። እኔ እንግሊዝኛዬ ለቀልድ ስለማይበቃ «ይቅርታ፣ ገመዱ የመጣው ከኢትዮጵያ ነው፣ እንቅልፉ አልለቀቀውም» እላለሁ። ይስቃሉ።

አምና ለጥር 23 አገር ቤት ገባሁ። የአባቴ ጓደኞች ሰብሰብ ብለው ስልኬ ላይ ቪዲዮዬን አዩ። ስቆም ዝም። ስገለበጥ ዝም። ሲያልቅ አንደኛው አዛውንት ስልኩን መለሱልኝና «ፈረሱን ማነው የገራው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ስንት ጊዜ ወሰደብህ?»

«ስምንት ወር።»

«ቸኩለሃል» አሉኝ።